ነጥቡን ማዘዋወር አስማት አይደለም፦ «አስርዮሽ በእጅ ማካፈል ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ «አስርዮሽ ቁጥሮችን በወረቀትና በእርሳስ ማካፈል ከክፍል ይውጣልን» የሚል ነው። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ለልጆች ከልባቸው እንደሚያስቡም ያስታውቃል። ካጋሩት መካከል አስተማሪዎችና ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ድምዳሜው የተሳሳተ ይመስለኛል። ተግባራዊ ቢሆን ደግሞ የሚጎዱት ጸሐፊው ሊጠቅሟቸው ያሰቧቸው ልጆች ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የተባለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ካልኩሌተር በሁሉም ስልክ ውስጥ ስላለ ዛሬ 3.96ን ለ0.12 በእጁ የሚያካፍል ሰው የለም ይላሉ። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ «ነጥቡን ወደ ቀኝ ውሰድ» የሚባለው ስልት ማንም የማይገባው አስማት ነው፣ ልጁ የሚማረው ማሰብን ሳይሆን መታዘዝን ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ክፍልፋይ የሚችል ልጅ አስርዮሹን ወደ ክፍልፋይ ቀይሮ መሥራት ስለሚችል ሌላ ስልት መጨመር ትርፍ ሥራ ነው። አራተኛ፣ ቀሪዎችና የማያልቁ ድርሻዎች (ድርሻ ማለት የማካፈሉ መልስ ነው) ልጁን ግራ ከማጋባት በቀር ፋይዳ የላቸውም። አምስተኛ፣ እዚህ ላይ የሚባክነው ጊዜ ለግምትና ችግር ለመፍታት ቢውል ይሻላል።

በቅደም ተከተል አልሄድም። ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ የቆሙት እሱ ላይ ነው።

«ነጥቡን ማዘዋወር አስማት ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፣ እሱን ልመን። በብዙ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚሰጠው እንደ ትእዛዝ ነው። «አካፋዩ ሙሉ ቁጥር እስኪሆን ነጥቡን ውሰድ፣ ተካፋዩንም በዚያው ልክ ውሰድ፣ በቃ።» ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ «ሕጉ ነው» ይባላል። እንዲህ የተማረ ልጅ በዓመቱ ነጥቡን ወዴት እንደሚወስድ ቢጠፋው አይፈረድበትም። ግን ይህ የሚያሳየው ማብራሪያው እንደጎደለ ነው። ስልቱ ትርጉም እንደሌለው አያሳይም። ትርጉሙም ሩቅ አይደለም።

4.2 ሜትር ገመድ አለን እንበል። ከእሱ ውስጥ ባለ 0.6 ሜትር ቁራጭ ስንት ይወጣል? አሁን ሜትሩን እንተወውና በዴሲሜትር እንለካ። ገመዱ 42 ዴሲሜትር ሆነ፣ ቁራጩ 6 ዴሲሜትር። 42 ለ6 ሲካፈል 7። በሴንቲሜትርም ብንሞክረው 420 ለ60 ያው 7 ነው። ገመዱ አልረዘመም፣ ቁራጩም አልተለጠጠም። የቀየርነው መለኪያውን ነው፣ ያውም የሁለቱንም እኩል። ስለዚህ ስንት ቁራጭ እንደሚወጣ የሚለወጥበት ምክንያት የለም። «ነጥቡን ውሰድ» ማለት ይኸው ነው፤ «ትንሽ መለኪያ ያዝና በሙሉ ቁጥር ቁጠር» ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃና አንድ ገመድ ይበቃል።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። ሲሞን ስቴቪን የሚባለው የፍላንደርስ (ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ያለ አካባቢ) ሰው በ1585 ስለ አስርዮሽ ትንሽ መጽሐፍ ሲያሳትም ያሰበው ለመሬት ቀያሾች፣ ለነጋዴዎችና ለመሳሰሉት ነበር። የያዘው ሐሳብ ደግሞ ማንኛውንም ስሌት ክፍልፋይ ውስጥ ሳይገቡ በሙሉ ቁጥር መሥራት ይቻላል የሚል ነው። አስርዮሽን ከእሱ በፊትም የተጠቀሙበት የሂሳብ ሊቃውንት ነበሩ፤ አል ኡቅሊዲሲ በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ አል ካሺ በ15ኛው። ስቴቪን ያደረገው አሠራሩን ለሥራ ሰው ማቅረብ ነው። አስርዮሽ የመጣው ነገር ለማቅለል ነው ማለት ነው። ዛሬ ከከበደን፣ የከበደን አቀራረቡ ነው።

አሁን ደግሞ አንዱን ጥያቄ እርምጃ በእርምጃ እንየው፤ አስማት ነው የተባለው የት ጋር እንዳለ እንፈልግ። 2.436ን ለ0.12 እናካፍል። መለኪያውን በ100 እናሳንሰው፤ 243.6 ለ12 ሆነ። ከግራ እንጀምር። 24 አስሮች አሉን፣ ለ12 ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ 2 አስር ይደርሰዋል፣ ቀሪ የለም። ቀጥሎ 3 አንዶች አሉ። 3 ለ12 አይበቃም፣ ስለዚህ በአንዶች ቤት ላይ 0 እንጽፋለን። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው፤ «አይበቃም» ብሎ ዜሮውን ሳይጽፍ ያልፋል፣ መልሱም 23 ወይም 2.3 ይሆንበታል። ያልተካፈሉት 3 አንዶች 30 አስረኛ ናቸው፤ ካሉት 6 አስረኞች ጋር 36 አስረኛ ሆኑ። አሁን ከአንዶች ወደ አስረኞች ስለተሻገርን በድርሻው ላይ ነጥብ እናስቀምጣለን። 36 አስረኛ ለ12፣ 3 አስረኛ። መልሱ 20.3።

ነጥቡ በድርሻው ላይ የተቀመጠው «ከታች ስላለ ከላይም ይሁን» ተብሎ አይደለም። በዚያች ቅጽበት የምናካፍለው ነገር ከአንድ ወደ አስረኛ ስለተቀየረ ነው። ይህን ያየ ልጅ ስለ ቁጥር ቤቶች ያገኘው እውቀት ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል። ምክንያቱም ሦስቱን አንድ ወደ ሠላሳ አስረኛ የለወጠው ራሱ ነው፣ በእጁ።

ሦስተኛው ነጥብ እዚህ ላይ ራሱን ያፈርሳል። ጸሐፊው «በክፍልፋይ ይሠራ» ይላሉ። እሺ፣ እንሥራ። 0.84ን ለ0.035 ስናካፍል 84/100 ለ35/1000 ይሆናል። ቀጥሎስ? «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ!» ነጥብ ማዘዋወር አስማት ከሆነ መገልበጥ ምንድን ነው? ለምን እንደሚገለበጥ ማስረዳት እኮ ነጥቡ ለምን እንደሚሄድ ከማስረዳት ይከብዳል። ያለ ማብራሪያ የሚሰጥ ሕግ ሁሉ ይውጣ ካልን መጀመሪያ የሚወጣው ይህኛው ነው። ለማንኛውም ገለበጥን እንበል፤ 84000/3500 ይመጣል፣ እሱም 24 ነው። በአስርዮሽ ደግሞ 840 ለ35፣ 24። ሁለቱ መንገዶች አንድ ሥራ ናቸው፣ የሚለያዩት በአጻጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍልፋዩ ሌላውን ትርፍ አያደርገውም፤ ምክንያቱን ለማሳየት ግን ጥሩ አድርጎ ይረዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተማር ነው የሚሻለው።

ደግሞም ክፍልፋይ የማያደርሰን ቦታ አለ። 7/16 ሜትር ላይ ምልክት አድርግ ብትባሉና በእጃችሁ ያለው ሜትር በሴንቲሜትርና በሚሊሜትር የተከፈለ ቢሆን፣ 7ን ለ16 አካፍላችሁ 0.4375 ካላላችሁ ጣታችሁን የምታስቀምጡበት የለም። መለኪያዎቻችን የሚናገሩት በአስርዮሽ ነው።

ወደ ካልኩሌተሩ ልመለስ። 48.7193ን ለ0.0637 በእጅህ አካፍል ብሎ ልጅን ማስጨነቅ ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ፣ ሳላቅማማ። እንዲህ ያለውን ማሽን ይሥራው። ችግሩ ሌላ ነው። ካልኩሌተር የሚመልሰው የተጫነውን ነው፣ ልንጠይቀው ያሰብነውን አያውቅም። 3.96 ለ0.12 ለማለት ተሳስታችሁ 3.96 ለ1.2 ብትጫኑ ያለ ምንም ማመንታት 3.3 ይላችኋል። ትክክለኛው 33 ነው። አሥር እጥፍ ተሳስታችኋል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለም። የሚጠረጥረው ሰው ነው፤ ያውም «0.1 በ4 ውስጥ 40 ጊዜ አለ፣ 0.12 ትንሽ ስለሚበልጥ መልሱ ከ40 ትንሽ ማነስ አለበት» ብሎ የሚያስብ ሰው። ይህ ስሜት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ትንንሽ ቁጥሮችን በእጅ ከማካፈል ነው የሚመጣው። 6 ለ0.5 ስንት ነው ብላችሁ አዋቂዎችን ጠይቁ፤ ቶሎ ብሎ 3 የሚል አታጡም። ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል የሚል እምነት ውስጣችን ስላለ ነው። ከ1 በሚያንስ ቁጥር ስናካፍል ግን ድርሻው ከተካፋዩ ይበልጣል፣ 12 ነው መልሱ።

ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ላይ ነጥብ አንድ ቤት ከተንሸራተተች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል ወይም አንድ አሥረኛ ይሆናል። ለዚህ ነው ጤና ባለሙያዎች 0.5 ሲጽፉ ከነጥቡ ፊት ያለውን ዜሮ እንዳይተዉ፣ 5ን ደግሞ 5.0 ብለው እንዳይጽፉ የሚመከሩት፤ ነጥቡ ካልታየ የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 50 ተብሎ ይነበባል። የታዘዘው 0.375 ሚሊግራም ቢሆንና አንዱ ክኒን 0.125 ሚሊግራም ቢይዝ፣ 375 ለ125፣ ሦስት ክኒን ነው። ስልኩ 30 ቢለው ቆም ብሎ «ይሄማ ሊሆን አይችልም» የሚል ሰው እፈልጋለሁ። ጸሐፊውም እንደሚፈልጉ አልጠራጠርም።

ማሽን አይሳሳትም የሚለውን ስሜትም ትንሽ መነካካት ያስፈልጋል። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የሚባሉ አሜሪካዊ የሂሳብ መምህር የኢንቴል ኩባንያ ፔንቲየም የተባለው የኮምፒውተር ቺፕ አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ይፋ አደረጉ። በጊዜው የታወቀው ምሳሌ 4195835 ለ3145727 ነው፤ ትክክለኛው መልስ 1.33382 ገደማ ሲሆን ቺፑ 1.33374 ገደማ ይል ነበር። ኩባንያው ቺፖቹን ለመተካት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። ለዚህ ክርክር የሚጠቅመኝ ግን ስህተቱ የተፈጠረበት መንገድ ነው። ቺፑ የሚያካፍለው ልክ በወረቀት እንደምናደርገው የድርሻውን አሃዝ ደረጃ በደረጃ እየገመተ፣ እያባዛ፣ እየቀነሰ ነበር፤ ቀጣዩን አሃዝ ለመገመት ከሚያይበት ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ቦታዎች ሳይሞሉ ቀርተው ነው ችግሩ የመጣው። ጊዜው ያለፈበት የተባለው ስልት ማሽኑ ውስጥም አለ ማለት ነው፣ በሌላ መልክ።

ስህተት ሳይኖርም ማሽን ያስገርማል። በፓይተን ወይም በጃቫስክሪፕት (ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ናቸው) 0.3ን ለ0.1 አካፍሉ። 3 አይልም፤ 2.9999999999999996 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በአሥር ሳይሆን በሁለት መሠረት፣ በ0ና በ1 ብቻ ነው፤ በሁለት መሠረት ደግሞ 1 ለ10 ሲካፈል አያልቅም፣ ልክ በእኛ አቆጣጠር 1 ለ3 እንደማያልቀው። አንድ ቦታ ላይ ይቆረጣል፣ የተቆረጠችው ፍርፋሪ መልሱ ላይ ትታያለች። 1ን ለ3 በእጁ አካፍሎ ያችው 1 ቀሪ ደጋግማ ስትመጣበት ያየ ልጅ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይረዳዋል። ያላየው ልጅ ፕሮግራም መጻፍ ሲጀምር «ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል» ይላል።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ያስገባኛል። ቀሪዎችና የማያልቁ ድርሻዎች ፋይዳ የላቸውም መባሉን ሳነብ ነው ከሁሉም በላይ የከፋኝ። ከጠቅላላው ትምህርት ውስጥ ውቡ ክፍል ይህ ነው ብዬ ስለማምን።

እስቲ 1ን ለ7 እናካፍል። 10 ለ7፣ 1፣ ቀሪ 3። 30 ለ7፣ 4፣ ቀሪ 2። 20 ለ7፣ 2፣ ቀሪ 6። 60 ለ7፣ 8፣ ቀሪ 4። 40 ለ7፣ 5፣ ቀሪ 5። 50 ለ7፣ 7፣ ቀሪ 1። ቀሪው 1 ሆነ፤ የጀመርነውም በ1 ነው! ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሁሉም እንደገና ይመጣል፤ 0.142857 142857 እያለ ለዘላለም። አሁን ልጁን ጠይቁት፤ «መደጋገሙ ግድ ነበር ወይስ አጋጣሚ ነው?» ለ7 ስናካፍል ቀሪ ሊሆኑ የሚችሉት ከ0 እስከ 6 ያሉት ብቻ ናቸው። 0 ከመጣ አለቀ። ካልመጣ ያሉት ስድስት ናቸው፣ ስለዚህ ቢበዛ በሰባተኛው እርምጃ አንዱ መደገም አለበት። ልጁ አሁን አንድ የሂሳብ ማረጋገጫ ሠራ። ስለ ሁሉም ሙሉ ቁጥር፣ ስለ ሁሉም ክፍልፋይ የሚሠራ ማረጋገጫ።

ካልኩሌተር ይህን ያሳያል? 1 ለ17 ጫኑበት። አሥር አሃዝ የሚያሳይ ከሆነ 0.0588235294 ይላችኋል። የሚደጋገም ነገር አይታይም። ምክንያቱም ድግግሞሹ የሚጀምረው ከ16 አሃዝ በኋላ ነው፤ 0.0588235294117647፣ ከዚያ እንደገና 0588 እያለ ይቀጥላል። ስክሪኑን ብቻ ያየ ሰው ቁጥሩ እንዲሁ የተዘበራረቀ ይመስለዋል። ቀሪዎቹን የሚያውቅ ሰው ግን ሳይጨርሰውም ከ16 እርምጃ እንደማያልፍ ያውቃል። የትኞቹ ክፍልፋዮች እንደሚያልቁም እንዲሁ ይገለጣል፤ እስከ መጨረሻው ካቃለልነው በኋላ ታህቱን (የታችኛውን ቁጥር) ከ2ና ከ5 በቀር ሌላ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ የማያካፍለው ቁጥር፣ ካላካፈለው ያልቃል፣ ካካፈለው አያልቅም። 7/16 ያለቀው፣ 1/7 ያላለቀው ለዚህ ነው።

ተራ የሚባለው ቀሪም ቢሆን ብልሃት ይፈልጋል። 7.5 ሜትር ሽቦ በ0.4 ሜትር ብንቆራርጠው ስንት ሙሉ ቁራጭ ይወጣል፣ ምን ያህልስ ይተርፋል? 75 ለ4፣ 18፣ ቀሪ 3። ብዙዎች «18 ቁራጭ፣ የተረፈው 3 ሜትር» ብለው ይጽፋሉ። እንዴ፣ 3 ሜትር ከተረፈማ ሰባት ቁራጭ ገና ይወጣዋል! የተረፈው 3 ዴሲሜትር ነው፣ 0.3 ሜትር። መለኪያውን በ10 ስናሳንስ ድርሻው አይለወጥም፣ ቀሪው ግን በአዲሱ መለኪያ ነው የሚቆጠረው። 18 ሲባዛ በ0.4፣ 7.2፤ 0.3 ሲጨመር 7.5፣ ልክ ነው። ካልኩሌተሩ በበኩሉ 18.75 ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን ሽቦ ቆራጩ የፈለገው ይህን አይደለም። ያቺ 0.75 የቁራጩ ሦስት አራተኛ እንጂ 0.75 ሜትር አለመሆኗን ማን ይንገረው? ግራ የሚያጋባ ነው መባሉን አልክድም። ግራ የሚያጋባው ግን ነገሩ ራሱ ነው፣ ከክፍል ስላወጣነው ከሽቦው ላይ አይጠፋም።

የመጨረሻው የጊዜ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ አልከራከርም። ለሳምንታት አንድ ዓይነት ጥያቄ በገጽ በገጽ ማሠራት ልጅን ያሰለቻል፣ ይህን ካሉ ልክ ናቸው። ግን ግምትን ከማካፈል ነጥለው «ያንን ትተን ይህን» ሲሉ አልከተላቸውም። 25.35ን ለ3.9 አካፍሉ፤ 253.5 ለ39። የመጀመሪያው አሃዝ ስንት ነው? 39 ወደ 40 ይጠጋል፣ 40 በ253 ውስጥ 6 ጊዜ ገደማ አለ። 6 ሲባዛ በ39፣ 234፣ ቀሪ 19። 7 ብለን ገምተን ቢሆን 273 ይመጣና ከ253 ስለሚበልጥ ወዲያው እንመለስ ነበር። ቀጥሎ 195 አስረኛ ለ39፣ 5። መልስ 6.5። እያንዳንዱ መስመር ግምት ነው፣ ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን ደግሞ እዚያው ይታወቃል። ለግምት ከዚህ የተሻለ ልምምድ እሳቸው ካላቸው ቢነግሩን እወዳለሁ። ከፍ ሲል ደግሞ ልጁ ፖሊኖሚያል (እንደ x² + 3x + 2 ያለ የአልጀብራ አገላለጽ) በፖሊኖሚያል ማካፈል ላይ ሲደርስ የሚጠብቀው ይኸው አካሄድ ነው፤ መሪውን ቁጥር አይተህ ገምት፣ አባዛ፣ ቀንስ፣ አውርድ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። አካፋዩ ሁለት አሃዝ ይብቃው። ልጁ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት መልሱ በስንትና በስንት መካከል እንደሆነ ይጻፍ። ጥያቄው ሁሌ መለኪያ ይኑረው፣ ሜትርም ሊትርም ይሁን፣ ቀሪውም በምን እንደሚለካ ይጠየቅ። ሲጨርስ በካልኩሌተር ያረጋግጥ፤ ካልተስማሙ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ራሱ ይፈልግ። ጥያቄዎቹም ጥቂት ይሁኑ። ጸሐፊው ከዚህ ውስጥ የትኛው እርምጃ አያስፈልግም እንደሚሉ ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ። እኔ የማወጣው 48.7193 ለ0.0637ን ነው።